የጎመን ምንቸት ይግባልን!

እኛ በድንች ምክንያት ተኳርፈን ሰነበትን። ቀልድ አይደለም። በፖለቲካም በኳስም ተከራክረን በሰላም የምንለያይ አምስት ጓደኛሞች፣ ድንች በወተት ይደቅ ወይስ በእርድ ይሠራ በሚል ጥያቄ ሳምንት ሙሉ ስልክ ሳንደዋወል ቀረን። አትሳቁብን። በየቤታችሁ ብትጠይቁ ጉዳዩ እንዲህ የዋዛ እንዳልሆነ ታገኙታላችሁ።

አሰላለፋችን እንዲህ ነው። ሁለታችን የእርድ ወገን ነን። ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይግባ፣ እርድ ጣል ይደረግበት፣ ድንቹ ይጨመር፣ ሊወጣ ሲል ቃሪያ ይሰንጠቅበት። በቃ፣ ድንች አልጫ! ሌላ ፍልስፍና አያስፈልገውም። አንዷ የሰላጣ ወገን ነች፤ ድንች ተቀቅሎና ቀዝቅዞ በቀይ ሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሎሚና በዘይት ካልተለወሰ አልነካውም ትላለች። አንዱ ደግሞ አውሮፕላን ሳይሳፈር ፈረንጅ የሆነ ልጅ ነው። ድንቹን በቅቤና በትኩስ ወተት አድቅቆ «ፑሬ» ይለዋል፤ ቆስጣውንም ለላዛኛ በሚሠራው በሻሜል፣ ማለትም በቅቤ፣ በዱቄትና በወተት አወፍሮ ያቀርበዋል። እናቱ መጀመሪያ ያዩት ቀን «ልጄ፣ ይሄ ወጥ ነው ወይስ ገንፎ?» አሉት አሉ።

አምስተኛው የጉራጌ ልጅ ነው። እሱ ዝም ብሎ ሲሰማን ይቆይና «እናንተ ገና አትክልትና ወተት እያስታረቃችሁ ነው፤ እኛ ቤት ጎመንና አይብ ከታረቁ ስንት ዘመናቸው!» ይለናል።

እውነቱን ነው። የጎመን ክትፎ የቀመሰ ሰው ክርክሩን ግማሹን ይተወዋል። ጎመኑ ይቀቀላል፣ ውኃው ይጨመቃል፣ ከዚያ ልክ እንደ ሥጋው ክትፎ በቢላ እስኪደቅ ይከተፋል። ኮረሪማና ሚጥሚጣ የገባበት ንጥር ቅቤ ይታሽበትና ከአይብ ጋር ይቀርባል። በጉራጌ አገር በመስቀል ሰሞን፣ የበሬው ሥጋ ገና ሳይደርስ፣ ደንጌሳት በሚባለው ዕለት የሚበላው ይኸው ነው። በዓመቱ ትልቁ በዓል ላይ ጎመን የራሱ ቀን አለው ማለት ነው!

እዚያው መስቀል ላይ ሌላው ሕዝብ ምን ይላል? «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ!» አንዱ ጎመንን በቅቤ አጅቦ ሲያስገባ ሌላው ያባርረዋል። ለምን? ምክንያቱ ክረምት ነው። የጎተራው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ ገበሬው ወሩን የሚገፋው ከጓሮ በሚቀነጠስ ጎመን ነበር። ስለዚህ ጎመን የተጠላው በጣዕሙ ሳይሆን በሚያስታውሰን ነገር ነው። «ጎመን በጤና» የሚለውንም ተረት እዩት። የሚያሞግሰው ጤናውን ነው፤ ጎመኑን ያመጣው ከሁሉ ያነሰ ምግብ አድርጎ ነው።

የድንችም ዕድል ከዚህ አይሻልም። ከአሜሪካ ምድር የተነሣው ይህ ተክል ወደ እኛ አገር የገባው በ1850 ዓ.ም ገደማ ሲሆን ያመጣውም ሽምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ ነው ይባላል። (የወላይታ ድንች የምንለው ሌላ ነው፤ እሱ የገዛ አገራችን ሥር ነው።) ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም በዘለቀው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ ማሳው ጦሙን ሲያድር ግን የድንች ቀን መጣ። በዶማ ተቆፍሮ የሚተከል፣ በሦስት በአራት ወር የሚደርስ ነገር ማን ይጠላል? ድንች በሰፊው ወደ ገበሬው ጓሮ የገባው በዚያ የረሃብ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። እንግዲህ ጎመንም ድንችም በረሃብ በር የገቡ እንግዶች ናቸው፤ እኛም እስከ ዛሬ የምናስተናግዳቸው እንደ ረሃብ መልእክተኛ ነው።

ይገርማል እኮ! በእኛ ገበታ «ዋና ምግብ» እና «አጃቢ» የሚባል ክፍፍል አልነበረም። ዋናው እንጀራው ነው። ዶሮም ይሁን ሽሮ፣ ሌላው ሁሉ ማባያ ነው። በማባያነት ዶሮና ድንች እኩል ናቸው። በተግባር ግን እኩል አይደሉም፤ አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንግባ።

ቀይ ወጥ ውስጥ ድንች የሚገባው ለምንድን ነው? ለጣዕም የምትሉ ተዉን። የሚገባው ለማብዣ ነው። ግማሽ ኪሎ ሥጋ ሰባት ሰው አያዳርስም፤ አንድ ኪሎ ድንች ሲጨመርበት ግን ያዳርሳል። የሥጋ ዋጋ ሽቅብ በወጣ ቁጥር በድስቱ ውስጥ ድንቹ ይበዛል። ይህን ሒሳብ የሚሠሩት ደግሞ እናቶቻችን ናቸው።

ሲቀርብ አከፋፈሉ የታወቀ ነው። ሥጋው ወደ አባወራው፣ ከዚያ ወደ እንግዳው፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ድንቹ እናት ፊት ይቀራል። «እማዬ፣ ሥጋ አልደረሰሽም እኮ» ስትሏት መልሷም የታወቀ ነው፤ «እኔ ድንቹን ነው የምወደው፤ አንተ ብላ።» አምስታችን ያደግነው በተለያየ ሰፈር ነው። አንዱ ጉለሌ፣ አንዷ ቄራ፣ አንዱ ደሴ ነው። ይቺ ዓረፍተ ነገር ግን በአምስቱም ቤት ነበረች። ቃል በቃል!

በቀደም ዕለት ከመሀላችን አንዷ፣ ዓርብ ቀን፣ ቡና እየተፈላ፣ እናቷን በቀጥታ ጠየቀቻቸው። «እማዬ፣ የእውነትሽን ድንች ትወጃለሽ?» ሳቁና «እወዳለሁ እንጂ» አሉ። ቡናውን ቀድተው ሲጨርሱ ደግሞ «ሥጋም እወዳለሁ» አሉ። በቃ ይቺን ብቻ። ይቺን ለመስማት ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀ።

ኩርፊያችንን የፈታው ይህ ወሬ ነው። በእርድ ወይስ በወተት የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ትንሽ አነሰብን። ድንች የተናቀ ድርሻ ሆኖ እስከቀረበ ድረስ አንድ ሰው እየዋሸ መብላት አለበት፤ ያ ሰው ደግሞ ዘወትር አንድ ነው፤ የላጠችውና የቀቀለችው! ድንቹ በሥነ ሥርዓት ተሠርቶ ሁሉም እጁን የሚዘረጋበት ምግብ ከሆነ ግን ሥጋውም ድንቹም በእኩል ይከፋፈላል።

ይህ እንደሚቻል ጾም ምስክር ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ደግሞም በአምሳ አምስቱ የሁዳዴ ቀን፣ ሥጋው ከሜዳ ሲወጣ ጎመንና ድንች ይከበራሉ። በያይነቱ ላይ ድንቹ ከምስሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቀመጣል፤ ማንም «ማብዣ» አይለውም። ወተት ሲከለከልም ቤታችን መላ አያጣም። ሱፉ ታምሶ ተወቅጦ በውኃ ይበጠበጥና ሲጠለል ወተት የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ፈረንጁ ጓደኛችን ለጾም ድንቁን ያደቀቀው በዚሁ በሱፍ ወተት ነው፤ የእርድ ወገኖችም ሳይወዱ በግዳቸው ደገሙ።

ከዚህ በመነሣት የአምስታችን የጋራ የአቋም መግለጫ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ድንች ሲሠራ ይከበር። የአረንጓዴነት ምልክት ያለበት ድንች ይመርራል፣ ሆድም ያውካል፤ ተመርጦ ይውጣ። ለማድቀቅ ከሆነ ከነትኩሳቱ በእጅ ይደቅ፤ በብሌንደር ከተፈጨ እንደ ሙጫ ይለጠጣል። ወተቱም ሞቅ ያለ ይሁን። ቲማቲም የሚገባበት ከሆነ ድንቹ አስቀድሞ ይብሰል፤ የቲማቲሙ ኮምጣጣነት ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋልና።

ሁለተኛ፦ ጎመን ክዳን ተከድኖበት እስኪጠቁር አይቀቀል። በፈላ ውኃ፣ ድስቱ ክፍት ሆኖ፣ መልኩ ሳይጠፋ ይውጣ። የፍስክ ቀን ከሆነ ቅቤና አይብ አይነፈገው። አይቡ ግን ከእሳት ከወረደ በኋላ ይግባ፤ እሳት ላይ ከቆየ ይደርቃል።

ሦስተኛ፦ ልጣጩን የሚልጠው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይሁን። ኳስ እያየን ድንች መላጥ ይቻላል። ሞክረን አይተነዋል፤ ጎል ሲገባ ቢላዋውን ማስቀመጥ ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ጭልፋው ከእጅ እጅ ይዙር። ወጥ የሚያወጣው ሰው ነው አከፋፈሉን የሚወስነው። እናት ጭልፋ ከያዘች ለራሷ ሥጋ አታወጣም፤ ይህ በሥራ ብዛት የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ወጡ ሲቀርብ ጭልፋውን እናንተ ተቀበሏት። መጀመሪያ ለእሷ፣ ያውም ከሥጋው አውጡላት። «ኧረ እኔ ድንቹን ነው የምወደው» ማለቷ አይቀርም። ድንቹንም ጨምሩላት።

ቸር ያሰንብተን።