ፈረሰኛው የማን ነው?

በልጅነቴ በቤታችን ዶሮ ወጥ የሚሠራው በዓመት አራት ወይም አምስት ጊዜ ነበር። አሥራ ሁለቱ ብልት ገና በድስት ሳለ ባለቤቱ የታወቀ ነው፤ ከሁሉ የከበረው ፈረሰኛ የአባቴ ነበረ። በዚህ ላይ ክርክር የለም። እናቴ ጭልፋዋን ሰድዳ ስታወጣ አንድ ጊዜ ስንኳ ሳትሳሳት ፈረሰኛውን ታገኘዋለች፤ በዚያ ሁሉ ቁሌትና በርበሬ ውስጥ እንዴት እንደምትለየው እስከ ዛሬ አይገባኝም። እኛ ስድስት ልጆች ክንፍና አንገት ደርሶን፣ እንቁላሉንም ለሁለት ለሁለት ተካፍለን፣ የአባታችንን እጅ እንመለከት ነበር። አባቴ ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ከፈረሰኛው ቆረስ ቆረስ እያደረገ ለየአንዳንዳችን ያጎርሰን ነበር። ይሁን እንጂ ጉርሻው አልቆ አጥንቱ ሲቀር፣ አጥንቱ በእርሱ በኩል ነው የሚቀረው። ያን ጊዜ በልቤ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አድጌ አባት የሆንሁ እንደ ሆነ ፈረሰኛው የእኔ ይሆናል።

አደግሁ፤ አባትም ሆንሁ። እንግዲህ የተፈጸመውን ልንገራችሁ።

የበኩር ልጃችን ጥርስ ባወጣበት በዓል ባለቤቴ ፈረሰኛውን አንሥታ በጣቷ እያላመች ለእርሱ አጎረሰችው። «ለስላሳ ሥጋ ነው፤ ለእርሱ ይመቸዋል» አለችኝ። እውነት ነው፤ ለስላሳ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ «አእምሮው እንዲበረታ» አለች። ታናሽ እኅቱ ነፍስ ስታውቅ «እርሷም ሰው ናት» ተባለና ለሁለት ተከፈለ። አንድ የፋሲካ በዓል ላይ ብልሃት ፈለግሁና ሁለት ዶሮ ገዛሁ። ሁለት ዶሮ ማለት ሁለት ፈረሰኛ ማለት ነው፤ አንዱ ለወንዱ፣ አንዱ ለሴቷ ደረሰ። እንግዲህ የእኔ ተራ የሚደርሰው በሦስተኛው ዶሮ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ገበያ ወጥታችሁ የዶሮ ዋጋ የጠየቃችሁ እንደ ሆነ በሦስተኛው ዶሮ ለምን ተስፋ እንደ ቆረጥሁ ይገባችኋል።

ይህን ጉዳይ በመሥሪያ ቤታችን ላሉ እኩዮቼ በሻይ ሰዓት አነሣሁላቸው። የሁሉም እንደ እኔው ነው። የሒሳብ ክፍሉ ባልደረባዬማ ከሠርጉ ቀን ወዲህ ፈረሰኛ በዓይኑ እንጂ በአፉ አላየም። ነገሩን ስንመረምረው እንዲህ ነው፤ እኛ ልጆች ሳለን ዘመኑ የአባቶች ነበር፤ እኛ አባቶች ስንሆን ዘመኑ የልጆች ሆነ። ተራው የተለወጠው እኛ እጃችንን ስንታጠብ ነው።

ወንበሩም እንደዚሁ ነው። አባቴ ሲገባ እንነሣ ነበር፤ የእርሱ ወንበር እርሱ በሌለበት ጊዜ እንኳ ባዶውን ይከበር ነበር። በእኔ ቤት ቴሌቪዥኑን ፊት ለፊት የሚያየው ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ በላዩም የማይቀመጥ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። እኔ ያለሁት ከጎን ባለው ዱካ ላይ ነው፤ ከዚያ ሆኜ የማየው የእግር ኳስ ተጫዋች ሁሉ ቀጭን ነው።

በመንገድ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በቤት ያጣሁት ክብር በመንገድ ሳልጠይቅ ይመጣልኛል፤ እንዲያውም ከልክ አልፎ ይመጣል። ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ስመላለስ የዕድሜዬን መቍጠሪያ የያዙልኝ ረዳቶቹ ናቸው። መጀመሪያ «ወንድም፣ ጠጋ በል» ነበርሁ። ቀጥሎ «ብራዘር» ሆንሁ፤ ይህም ደግ ነው። አንድ ቀን ጧት፣ ያደረብኝ ነገር ምን እንደ ሆነ ሳላውቅ፣ «ጋሼ» ተባልሁ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ሽማግሌ ፈለግሁ፤ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ «ፋዘር» መጣ። እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ዕወቁ፤ «ጋሼ» የሚለው ሰው «አንተ» እያለ ስለሚናገር ገና የታላቅ ወንድም ጠረን አለበት፤ «ፋዘር» የሚለውም ቢሆን «ሂሳብ ወዲህ በል» ከማለት አይመለስም፤ ሰው የሚደነግጠው «እርስዎ» የተባለ ዕለት ነው። እኔ የተባልሁት በባንክ መስኮት ነው። የልጄ እኩያ የምትሆን ልጅ ወረቀቱን አዙራ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ካለችኝ በኋላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደግማ አለችኝ። ጆሮዬ ደኅና ነበር።

በአንጻሩ እናቴ አሁንም «ማሙሽ» ትለኛለች። ይህ ለብቻችን ስንሆን ክፋት የለውም። ነገር ግን የዕድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ መዝገቡን ከዓይኔ አርቄ በክንዴ ሙሉ ዘርግቼ ሳነብ አባሎቹ ለክብር ይመስላቸዋል፤ እኔ እንኳ ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። እንደዚያ ተከብሬ ያልከፈሉትን ሰዎች ስም ስጠራ እናቴ ከሴቶቹ ወገን ሆና «ማሙሽ፣ ነጠላ ደርብ፤ ብርድ ነው» ብላ ተጣራች። የዚያን ወር መዋጮ በግድ ነው የሰበሰብሁት።

ስለ ገንዘብ ካነሣሁ አይቀር፣ አባቴ ደመወዙን በፖስታ ተቀብሎ በካፖርቱ የውስጥ ኪስ ይዞ ይመጣ ነበር። ምን ያህል እንደ ሆነ ከእናቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እኛ የምንገምተው ደጃፍ ላይ በሚያሳለው ሳል ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግን ሴቷ ልጄ ስልኬን ተቀብላ ከፈተችልኝ፤ የምሥጢር ቍጥሩንም እርሷው መረጠች። ከዚያ ወዲህ የቤታችን የገንዘብ ሚኒስትር እርሷ ናት። ለሱቅም ለመብራትም የምትከፍለው እርሷ ስትሆን፣ የእኔ ሥራ ስልኩን መያዝ ነው። ወሩ ገና ሳይጋመስ «አባዬ፣ በዚህ ወር ማኪያቶ በዝቶብሃል» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?

እስካሁን የነገርኋችሁ ሁሉ የሳቅ ነገር ነው። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ጊዜ ግን በቤታችን ሳቅ ቀነሰ።

በእኔ ጊዜ ማትሪክ የሚባለውን ፈተና የተፈተንሁት በተማርሁበት ትምህርት ቤት ነው፤ ጧት ቆሎ በኪሴ ይዤ ሄጄ ማታ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ታዘዘ። የልጄ ተራ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደረሰ። እናቱ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና ብርድ ልብስ አሰናዳች፤ እኔ ምን ላሰናዳ? የሒሳብ መጽሐፉን ገልጬ ያየሁት እንደ ሆነ ከቍጥሩ ይልቅ ፊደሉ ይበዛል። ስለዚህ ሻንጣ ተሸከምሁ። በግቢው በር ላይ የተሰለፍነው አባቶች ሁሉ ሻንጣ ይዘን ነበር፤ እርስ በርሳችን ተያይተን ዝም አልን።

ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለ ሆነ ልጁ ስልኩን አውጥቶ በእጄ ላይ አኖረና «አደራ፣ እንዳይዘጋ» አለኝ። እንግዲህ ለአምስት ሌሊት የዚያ ስልክ ዘበኛ ሆንሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት ሦስት ሰዓት ሲሆን ጮኸ። «አንተ ከብት፣ የት ጠፋህ?» አለ አንድ ጎረምሳ። «አባቱ ነኝ» አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ ቍጥር ተሳስቼ ነው» አለና ዘጋ። በማግሥቱ የሴት ልጅ ድምፅ መጣ፤ «ሃሎ» ስላት ጠፋች፤ ደግማ ደወለች፤ ደግማም ጠፋች። ለባለቤቴ ብነግራት፣ ለእኔ የሚያስጨንቀኝን ሁሉ ትታ «ድምፅዋ እንዴት ያለ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «የጨዋ ልጅ ድምፅ ነው» አልሁ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጮኽ ቀድማ የምታነሣው እርሷ ሆነች።

በሦስተኛው ቀን የደወለው ልጅ ግን የሚገርም ነገር ነገረኝ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በእኛው ሕንፃ ምድር ቤት ይኖራል። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ሒሳብ ያስረዳናል ወይስ አያስረዳንም?» አለኝ። እነማንን? ነገሩን ሳጣራ፣ ልጄ ከዓመት በላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ አራት የሰፈር ልጆች ሰብስቦ በነጻ ሲያስተምር ኖሯል። «የት ትውላለህ?» ስለው «እዚሁ ነኝ» ይለኝ ነበር። እውነትም እዚሁ ነበረ፤ ከራሴ በታች አንድ ፎቅ ብቻ ወርዶ።

ውጤቱ በጥር ወር ማታ ላይ ተነገረ። ልጁ ማየት ስላልፈለገ እኅቱ ናት በስልኳ የከፈተችው። አነበበች፤ ደግማም አነበበች፤ ቀጥላም ስልኩን በጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፋችው። ከግማሽ በጥቂት ነጥብ ጐድሎ ነበር። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። ይህን ቍጥር በማግሥቱ በሬዲዮ ሰማሁት። ሌሎች የብዙዎችን ውድቀት ሲሰሙ ይጽናኑ እንደ ሆነ አላውቅም፤ እኔን ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ከሕንፃችን አንዲት ልጅ አልፋ ነበር፤ እናትዋ እልልታውን በትራስ አፍና ዋለች፤ ይህን ጨዋነት መቼም አልረሳላትም።

ያን ማታ በቤታችን ማንም የሚናገር ጠፋ። ባለቤቴ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ተነሥታ ቡና መቍላት ጀመረች። ልጁ ያለ ወትሮው ያንን ወንበር ትቶ ከእኔ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። አባቴ ቢሆን ኖሮ ምን ይል እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ጕሮሮውን ጠርጎ፣ ስለ ትዕግሥትና ስለ ሥራ ሦስት ነገር ተናግሮ፣ በአራተኛው ያስለቅሰን ነበር። እኔም ጕሮሮዬን ጠረግሁ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ከአፌ የወጣው «እራት ብላ» የሚል ነበር። በላ።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ነጥብ ለጐደላቸው ተማሪዎች ሬሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ተፈቀደና ልጄ ለአርባ ምንጭ ተመደበ። ሊሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ምክር ማሰናዳት ጀመርሁ፤ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፌ፣ ሰርዤ፣ አሳምሬ በቃሌ አጠናሁት። በመናኸሪያው ጎህ ሳይቀድ ደርሰን ሻንጣው ከተጫነ በኋላ፣ ገና «ልጄ ሆይ» ከማለቴ ረዳቱ «ያልገባ ይግባ!» ብሎ ጮኸ። ልጁ አቅፎኝ በመስኮት በኩል አንገቱን አውጥቶ የነገረኝ ቃል ይህ ነው፤ «አባዬ፣ የቴሌብርህን የምሥጢር ቍጥር ቀይረው፤ የእርሷ የልደት ቀን መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

አሁን እርሱ ማካካሻውን አልፎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆነ ቆይቷል። በስልክ ስንነጋገር ስለ ትምህርቱ ሁለት ቃል፣ ስለ እኔ የደም ግፊት ሃያ ቃል ይጠይቀኛል። ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ እኅቱም አትቀመጥበትም፤ እኔም እስካሁን ዱካዬ ላይ ነኝ።

የጐደለው በይበልጥ የሚታወቀው ውኃ በሚመጣበት ሌሊት ነው። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በኮንዶሚኒየማችን አሳንሰር የለም፤ ውኃውም በፈረቃ ሲሆን ከሁለተኛው ፎቅ በላይ መውጣት ያቅተዋል። ድሮ ጀሪካን የሚያወጣው ልጁ ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አንጠልጥሎ፣ እያፏጨ። ባለፈው ሳምንት እኔ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ጀሪካን ይዤ ወጣሁ፤ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ስደርስ አስቀምጬ የኪሴን ቁልፍ የምፈልግ መሰልሁ። ያ በስልክ ሒሳብ የጠየቀኝ ልጅ፣ አሁን ጢም አውጥቷል፣ ከታች ሮጦ መጣና «ልያዝልዎት» አለኝ።

«ልያዝልህ» ቢለኝ ኖሮ እንቢ እለው ነበር። ትንሹን ጀሪካን ሰጠሁት። ጥቂት ደረጃ ወጥቶ ዞር አለና ቆመ፤ ትልቁንም ሰጠሁት።