የማራገቢያው ልጓም

ነፋስ ስልክ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የራዲዮ ጣቢያ ነው ይባላል። ቃል በነፋስ ተጭኖ ይሄዳል ብለው ያሰቡ ሰዎች ያወጡት ስም መሆኑን ስናስብ ዘወትር ደስ ይለናል። ይሁን እንጂ በዚሁ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ላፍቶ ላይ በምንኖርባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ በ2017 ዓ.ም. ቃልና ነፋስ ተጣልተው በመካከላቸው ሽማግሌ ሆነን መቀመጥ ግድ ሆነብን።

እናታችን ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ድምፃቸውም ከዕድሜያቸው ጋር ቀጥኗል፤ በተለይም ልባቸውን የሚነካ ነገር ሲያወሩ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ልጅነታቸውን፣ ጋብቻቸውን፣ ላፍቶም ገና እርሻና ግጦሽ በነበረች ጊዜ ያዩትን ሁሉ በገዛ አንደበታቸው ሲናገሩ ቀድተን ለልጅ ልጆቻቸው ማቈየት እንደ ዕዳ ይከብደን ነበርና፣ በጥር ወር አንድ ማይክሮፎን ገዝተን ቤት ካለው ኮምፒዩተር ጋር አያይዘን ሥራውን ጀመርን። የመጀመሪያውን ማታ ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ ስንሰማው ግን የእናታችን ቃል በንብ ቀፎ ውስጥ የተነገረ ይመስል ነበር። ቀፎው ኮምፒዩተሩ ነው። በሌላው ክፍል ልጆች ስለሚተኙ ሳጥኑን ከማይክሮፎኑ ከአንድ ሜትር ተኩል አብልጦ ማራቅ አልተቻለም። በእጅ ስልክ ስለ ምን አትቀዱም የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ሞክረነዋል፤ ስልኩ ሹክሹክታውን እንደ ጫጫታ ቈጥሮ ጥሎት ያልፋል።

ድምፁ የሚመጣው ከማቀዝቀዣው ማራገቢያ ነው፤ ሠራተኞቹ ፋን ይሉታል። ይህንን ለእናታችን ብንነግራቸው ከቡናው ምድጃ ቀና ብለው «እኔ ከሰሉን ሳራግበው ይቀላል፤ የእናንተ ደግሞ ሲራገብ ይበርዳል?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ከቀልድነቱ ይልቅ ትምህርትነቱ ይበልጣል። ከሰል ነፋስ ሲያገኝ የሚቀጣጠለው ራሱ የሚነድ ነገር በመሆኑ ነው። ፕሮሰሰር ግን የሚነድ ነገር የለውም፤ በውስጡ በሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይሞቃል፤ ሙቀቱም በላዩ ወደ ተጫነው ባለ ብዙ ቅጠል አሉሚኒየም ይወጣል፤ ማራገቢያው በቅጠሎቹ መካከል አየር እየነዳ ሙቀቱን ጠርጎ ያስወጣዋል። ይህ መጥረግ ቢጓደል ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ ሥራውን ያዘገማል፤ ከተወሰነለት ወሰን ካለፈ ደግሞ ራሱን ለማዳን ጭራሹን ይጠፋል።

በከተማችን ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃችን በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ እንደሚፈላ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። የአየራችን እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማራገቢያው በዚያም ሆነ በዚህ በእኩል ፍጥነት ቢዞር፣ እዚህ የሚነዳው አየር ቀጭን ስለ ሆነ የሚሸከመው ሙቀት በዚያው መጠን ያንሳል። ስለዚህ በሐምቡርግ ወይም በሲንጋፖር የተቀመጠ ሰው «በዚህ ሙቀት በዚህ ፍጥነት አዞራለሁ» ብሎ ያሰናዳውን ሰንጠረዥ እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ነው፤ እኛም ገልብጠን ተሳስተናል። የላፍቶ ማታ ቀዝቃዛ በመሆኑ ጉድለቱን በከፊል ይክሳል፤ የበጋው አቧራ ግን በአሉሚኒየሙ ቅጠሎች መካከል እንደ ጥጥ እየተጠቀጠቀ የተካሰውን መልሶ ይወስደዋል።

ማራገቢያ ራሱ የሚያስደንቅ ጠባይ አለው። ፍጥነቱን በግማሽ ብንቀንሰው የሚነዳው አየር በግማሽ ያንሳል፤ የሚፈጀው ኃይል ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ጩኸቱም 15 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ጸጥታ ፈላጊ ሰው ትንሹን ማራገቢያ በጥድፊያ ከሚያዞር ትልቁን በዝግታ ቢያዞር ይሻለዋል። ይህን ካወቅን በኋላ ባለ 8 ሴንቲ ሜትሩን አውጥተን ባለ 12 ሴንቲ ሜትሩን አስገባን። ይህ ቀላሉ ነገር ነበር። ከባዱ ጥያቄ ልጓሙን ማን ይያዝ የሚለው ሆነ።

ጎፋ አካባቢ ያገኘነው አንድ ጠጋኝ «የ12 ቮልቱን ሽቦ ወደ 5 ቮልቱ አዛውሩት፤ ይገላገላል» አለን። አዛወርነው፤ በእርግጥም ጸጥ አለ። ነገር ግን አንድ ቀን ጠዋት ኮምፒዩተሩን ብንከፍተው ማራገቢያው ጭራሽ ሳይዞር ቀረ። የቆመውን ማስነሳት የሚዞረውን ከማዞር የበለጠ ቮልት እንደሚጠይቅ ያን ጊዜ ተማርን። ከዚያ እንደ ራዲዮ ድምፅ መቀነሻ በእጅ የሚዞር መቈጣጠሪያ ገዛን። እርሱም ክፉ አልነበረም፤ ብቻ ዘበኛ ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ወሬ ሲጥመው ዘብነቱን ይረሳል።

በመጨረሻ ልጓሙን ለአንድ ፕሮግራም ሰጠነው። ሙቀቱንና ፍጥነቱን በመስመር እየሣለ በመስኮቱ ላይ ስለሚያሳየን ኮራንበት፤ ለእንግዳም አሳየንበት። ለስብሰባ ሪፖርት የሚያማምሩ ሥዕሎች የሚያዘጋጁ ባልደረቦቻችን ስሜታችንን ያውቁታል።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እናታችን ሳንጠይቃቸው የታላቅ ወንድማቸውን ነገር አነሡ። ወጣት ሳለ ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ነው፤ ከዚያን ቀን በፊት ስለ እርሱ ሲያወሩ ሰምተን አናውቅም። በበሩ ላይ ምን እንዳላቸው፣ እርሳቸውም ምን እንደ መለሱለት፣ በእጁ ምን እንደ ያዘ በዚያ በሹክሹክታቸው ይነግሩን ጀመር። ኮምፒዩተሩ ድምፁ አይሰማም ነበር። እኛም በጸጥታው ተደስተን አቀርቅረን እንሰማለን። በጎን ግን የቀደሙትን ቅጂዎች የሚያጠራ ከባድ ሥራ እንዲሠራ አዝዘነው ነበር፤ ይህ የገዛ ጥፋታችን ነው። ፕሮግራሙ በዚያ መካከል ደርቆ ቆሞ ኖሯል። ማራገቢያው ደግሞ የመጨረሻውን ትእዛዝ አክብሮ በዝግታው ሲዞር፣ ሙቀቱ ወጥቶ ወጥቶ ኮምፒዩተሩ ድርግም አለ። እናታችን ወደ አምፖሉ ቀና ብለው «መብራት ሄደ እንዴ?» አሉ። አምፖሉ በርቷል። አርባ ደቂቃ የሚያህለው ንግግር ገና አልተቀመጠም ነበርና ሁሉም ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ማታዎች የማንበብ ትጋት መጣብን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ኢንቴል ኩባንያ ባለ አራት ሽቦ ማራገቢያ እንዴት መሠራት እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው መግለጫ ላይ ብዙ ነገር አገኘን። ከአራቱ ሽቦዎች አንዱ ትእዛዝ ያመጣል፤ ትእዛዙም በሰከንድ 25,000 ጊዜ ያህል የሚበራና የሚጠፋ ምልክት ነው፤ የሰው ጆሮ ከ20,000 በላይ ስለማይሰማ ምልክቱ ራሱ ጩኸት አይሆንም። ሌላው ሽቦ በየዙሩ ሁለት ምልክት እየላከ ፍጥነቱን ይነግራል። ከሁሉ ያስገረመን ግን የትእዛዙ ሽቦ ቢበጠስ ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ እንዲዞር መደረጉ ነው። ሠሪዎቹ አዛዡ የጠፋ እንደ ሆነ ምን ይሁን ብለው አስቀድመው አስበዋል። እኛ ያደረግነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አዛዡ ሳይጠፋ ደንዝዞ፣ ትእዛዙ ግን ሕያው ሆኖ እንዲቀጥል ፈቀድን።

ስለዚህ ልጓሙን ከፕሮግራሙ ወስደን ለማዘርቦርዱ ለራሱ ሰጠነው። በባዮስ ገጽ አንድ ጊዜ ከተጻፈለት፣ በላዩ የሚሠራው ሁሉ ቢደርቅ እንኳ ሰሌዳው ላይ ያለው ቺፕ ሙቀቱን እየለካ ማራገቢያውን ያዛል። እስከ 50 ዲግሪ በደቂቃ 600 ዙር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየጨመረ በ80 ዲግሪ ሙሉ ፍጥነት እንዲሆን አደረግን፤ ይኸውም ስለ ቀጭኑ አየራችን ከተገለበጠው ሰንጠረዥ አጥብቀን ነው። ጆሮ የሚጠላው ጩኸትን ብቻ አይደለም፤ መለዋወጥን የበለጠ ይጠላል፤ ያለማቋረጥ የሚነፍስ ነፋስ ይረሳል፤ የሚነሣና የሚወድቅ ግን የተኛውን ይቀሰቅሳል። ፕሮሰሰር ደግሞ አንዲት ገጽ ሲከፈትለት በሰከንድ ውስጥ ዐሥር ዲግሪ ሊዘል ይችላል። ስለዚህ ማራገቢያው ለእንዲህ ያለው ዝላይ እንዳይደነግጥ ጥቂት ሰከንድ እንዲታገሥ፣ ከፍ ካለ በኋላም ሙቀቱ አምስት ዲግሪ ሳይወርድ እንዳይመለስ አዘዝነው።

መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ይህ ምርጫ ሌላም ጥቅም አለው። መብራት ተመልሶ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ሰሌዳው ማንንም ሳይጠብቅ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ያዛል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ጠፍቶ ባደረበት ማግሥት፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸብን። ምክንያቱ ሰሌዳው ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አርጅታ ደንቡን ሁሉ መርሳቱ ነው። ባትሪዋን ለውጠን ደንቡን እንደገና ጻፍንለት፤ ከዚያ ወዲህም ቍጥሮቹን በወረቀት ገልብጠን በሳጥኑ ጎን ለጥፈናል።

የወንድማቸውን ነገር እንዲደግሙልን በግንቦት እናታችንን ለመንናቸው። ረከቦቱን እያስተካከሉ «እሱን አንዴ ተናግሬዋለሁ፣ ልጄ። ደግሜ አልሰናበተውም» አሉ። ሌላውን ግን ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ እስኪጀምር ድረስ ነገሩን፤ ዐሥራ አንድ ማታ ቀድተናል። በቅጂው ላይ የሲኒው መጋጨትና የከሰሉ መፈነጣጠር ይሰማል፤ ማራገቢያው አይሰማም። የወንድማቸው ስም በአራተኛው ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ እኅትና ወንድሞቻቸውን በየተራ ሲቈጥሩ፣ ከሁለተኛዋ ቀጥሎ፣ ሳይቆሙ ያልፉበታል።