በሰው አገር መንገድ

እንዲያው ምን አገባን? ግን ትናንት ማታ ዶርም ውስጥ ስለ ሰው አገር ጡረተኞች ስንጨቃጨቅ አመሸን። ሜክሲኮ፣ ቻፓላ ሐይቅ ዳር፣ አሂሂክ በምትባል ከተማ ብዙ አሜሪካውያንና ካናዳውያን ጡረታቸውን ይዘው ሰፍረዋል። በጎልፍ ሜዳ መኪና (ያቺ በር የሌላት ጉድ!) መንገድ ለመንገድ ይንዱ ወይስ አይንዱ?

ግማሾቻችን፣ «ጉልበት የከዳው ሰው ያንን የድንጋይ ንጣፍ በምን ይለፈው?» አልን። ግማሾቻችን ሕግ ጠቀስን፦ አሜሪካ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1998 በሰዓት ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄዱ አነስተኛ ተሽከርካሪዎች መብራት፣ መስተዋትና ቀበቶ ግዴታ አድርጋለች።

ዝም ብሎ የቆየው የባጃጅ ነጂ ልጅ ነው ያስቆመን። «አባቴ መንጃ ፈቃድና ሰሌዳ ሲጠየቅ ይውላል። ሽማግሌ ነው ተብሎ የታለፈበት ቀን የለም። እነሱስ?»

የሚመልስለት ጠፋ።