ቢጫው ባልዲ ለምን አይደፋም?

ወገኖቼ፣ ከዚህ ካምፕ ወጥተው ውጭ አገር ከገቡት ልጆቻችን ብዙዎቹ ሥራ የሚጀምሩት በጽዳት ነው። ነውር የለውም፣ እንጀራ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪዬም አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሌሊት ሌሊት ያጸዳል። በቀደም ደውሎ፣ «ቲቸር፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ሦስት ክንፍ ያለው ምልክት የተለጠፈበት ቢጫ ባልዲ አለ። እንዳትነኩት ተብለናል። ቆሻሻ ከሆነ ለምን ወራት ሙሉ ያስቀምጡታል?» አለኝ። ኔትወርኩ ሳይቆረጥ በአጭሩ መለስኩለት። ልጁ ወይ ወንድሙ ውጭ ያለ ሰው ብዙ ስለሆነ ግን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ምልክቱ ራዲዮአክቲቭ ነገር አለ ማለት ነው። ተመራማሪዎች ጨረር የሚሰጡ አተሞችን የሚጠቀሙት በሕዋስ ውስጥ ምን ወዴት እንደሚሄድ ለመከታተል ነው። ጨረሩ በጊዜ ብዛት ይደክማል። ይህን ለተማሪዎች የማሳየው በበቆሎ ፍሬ ነው፤ አንድ ጎናቸውን ቀለም እቀባና በካርቶን አናውጬ እዘረግፋለሁ። ቀለሙ ወደ ላይ የሆነውን ያወጣሉ፣ ግማሽ ያህሉ ይቀራል። ደግመን ስናናውጥ የግማሹ ግማሽ። ፎስፎረስ 32 የሚባለው በ14 ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አሥር ጊዜ ሲገመስ፣ ማለትም በአምስት ወር አካባቢ፣ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ያኔ በመሣሪያ ይለካል፣ ከአካባቢው የተለየ ጨረር ካልተገኘበት ምልክቱ ተፍቆ ይጣላል። ስለዚህ ተማሪዬ ያየው መቀመጥ ስንፍና አይደለም፤ ሥራው ራሱ እሱ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ጨረሩና ኬሚካሉ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ሲገቡ ነው። ጨረር ሲነካው ብልጭ የሚል ፈሳሽ አለ፤ ናሙናውን እዚያ ውስጥ ጨምረው ብልጭታውን በመሣሪያ ይቆጥራሉ። ድሮ ይህ ፈሳሽ በአብዛኛው የሚሠራው እንደ ቤንዚን በሚቀጣጠል ቶሉይን ነበር። እናቃጥለው ቢባል እሳት ኬሚካሉን ያጠፋል እንጂ ጨረሩን አያጠፋም፣ በጭሱ ወይ በአመዱ ይቀጥላል። እንጠብቀው ቢባል ደግሞ ኬሚካሉ በመጠበቅ አይጠፋም። ደግሞስ ስንት ይጠበቃል? ትሪቲየም በግማሽ ለመቀነስ 12 ዓመት፣ ካርቦን 14 ደግሞ 5,730 ዓመት ይፈልጋል።

ሕጉም ሁለት ነበር። በአሜሪካ ጨረሩ በ1954 እ.ኤ.አ. በወጣው የአቶሚክ ኃይል ሕግ፣ ኬሚካሉ በ1976 በወጣው የቆሻሻ ሕግ ይገዛል። አንዱ «እስኪደክም አቆይ» ሲል ሌላው «አታከማች፣ ቶሎ አውጣ» ይላል። በሁለት ቢሮ መካከል ወረቀት ይዞ የተመላለሰ ስደተኛ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም! በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ ግን መጠነኛ ጨረር ያለውን ድብልቅ፣ ፈቃድ ያላቸው ላቦራቶሪዎች ሁኔታውን አሟልተው እስኪደክም እንዲያቆዩት ተፈቀደ።

እኔን ደስ የሚለኝ መፍትሔ ግን የሕጉ አይደለም። ድብልቁን መጀመሪያውኑ አለመፍጠር ነው። ዛሬ ቶሎ የማይቀጣጠሉ ፈሳሾች አሉ፤ ለብዙ ሙከራም ጨረር በሌለው አብሪ ቀለም መጠቀም ይቻላል። የግድ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጡ ያለው ነገር፣ መጠኑና ቀኑ ያኔውኑ ይጻፍበታል። ነገ አስታውሳለሁ የሚል ሰው የማይታወቅ ጠርሙስ ያተርፋል። የማይታወቀውን ደግሞ ተረካቢ ሁሉ ይሸሸዋል።

ለጽዳት ሠራተኛ ዋናው አደጋ በረኪና ነው። እኛ የፈሰሰ ነገር ስናይ በረኪና መድፋት ልማዳችን ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ላይ ከተደፋ ደግሞ አዮዲኑ ተንኖ በትንፋሽ ሊገባ ይችላል። ምልክት ያለበት ክፍል ውስጥ የፈሰሰ ነገር ካያችሁ አትጥረጉ፣ አትርገጡ፤ ወጥታችሁ በሩ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ደውሉ። ውጭ ላሉት ልጆቻችሁ ይህንንም ንገሯቸው፦ በአሜሪካ ሕግ ስለ አደገኛ ኬሚካል ሠራተኛውን በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የአሠሪው ግዴታ ነው። እንግሊዝኛው ካልገባቸው፣ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነገራቸው ይጠይቁ።