ስለ ወታደር የእጅ ሰዓት

ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ አድርጎ በሚከፍለው በደቻቱ ወንዝ ዳር የምንኖር ሰዎች ከሰዓት ጋራ በደንብ የተዋወቅነው በምድር ባቡር ምክንያት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ በደረሰበት ዘመን የባቡር ሰው ሰዓት ማለት በሰንሰለት ታስሮ በሰደርያ ኪስ የሚቀመጥ ነበረ። በክንድ ላይ የሚታሰረውማ በአውሮፓ የሴቶች ጌጥ ተብሎ ይቈጠር ስለ ነበር፥ ወንድ ቢያስረው ይሣቅበት ነበር።

ይህን ልማድ የሻረው ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ጦርነት የእንግሊዝ መኰንኖች የኪስ ሰዓታቸውን በቈዳ ማቀፊያ አድርገው ከክንዳቸው አሰሩት፤ በአንድ እጁ ልጓም፥ በሌላው ጠመንጃ የያዘ ሰው ካፖርቱን ፈትቶ ሰዓት የሚፈልግበት ሦስተኛ እጅ የለውምና። እ.ኤ.አ. በ1914 በተጀመረው በታላቁ ጦርነት ደግሞ መድፈኛውና እግረኛው በደቂቃ መስማማት ግድ ሆነባቸው፤ እግረኛው ቢቸኵል በገዛ ወገኑ መድፍ ያልቃል። ሌሊት በምሽግ ክብሪት መጫርም ራስን ለጠላት ማሳየት ስለ ሆነ፥ የሰዓቱ ቍጥርና ጠቋሚ በጨለማ የሚያበራ ቀለም ተቀባ። ጦርነቱ ሲያልቅ ወታደሩ ሰዓቱን ከክንዱ ሳይፈታ ወደ ቤቱ ገባ፤ ከዚያም ወዲያ የሚሥቅበት አልተገኘም።

ወደ ከተማችንም በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ፥ በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ጦር ገብቷል፤ የእኛም ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ዘምተዋል። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት ሣጥን ውስጥ የወታደር ሰዓት ቢገኝ አያስደንቅም።

እኛም በፍርድ ቤት ጸሓፊነታችን የውርስ ዕቃ ስንመዘግብ፥ ቤቱን ያለ ጠብ የተካፈሉ ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው የእጅ ሰዓት ሲጣሉ አይተናል። የአያታቸው የኪስ ሰዓት ከነብር ሰንሰለቱ በአጠገቡ ነበረ፤ እርሱን ግን አንዱ ወደ ሌላው ይገፋው ነበር፤ በሚዛን ቢሆን የሚበልጠው እርሱ ነበር። በመጨረሻ ታናሽየው፥ «ጋሼ፥ አባባ ታሞ እጁ ሲዝል በየማታው የምሞላለት እኔ ነበርሁ» አለ። ታላቁ ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «እንግዲያስ ላንተ ይጻፍ» አለን፤ እኛም ጻፍን።

ታናሽየው ልጆቹ ብርሃኑን ለማየት ሰዓቱን ይዘው ከብርድ ልብስ ሥር እንደሚገቡ በደስታ ሲያወራን ግን ዝም ልንለው አልቻልንም። ክቡራን አንባቢዎች፥ በእነዚያ አሮጌ የወታደር ሰዓቶች ላይ የተቀባው የሚያበራ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ራዲየም ያለበት ነው። በአሜሪካ አገር ይህን ቀለም ሲቀቡ የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው ያሾሉ የነበሩ ሴቶች አጥንታቸው እየበሰበሰ ብዙዎቹ ሞተዋል፤ በኒው ጀርሲ አምስቱ ያሠራቸውን ኩባንያ ከስሰው እ.ኤ.አ. በ1928 ጉዳያቸው በስምምነት አልቋል። ብርሃኑ ቢጠፋ እንኳ ራዲየሙ አለ፤ ግማሹ ለማለቅ 1,600 ዓመት ያህል ይፈጃል።

የሚያስፈራው ይልቁንም መስታወቱ ሲከፈት የሚረግፈው የቀለም ትቢያ ወደ አፍና ወደ ሳንባ መግባቱ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን በቤት አትክፈቱት፤ ለልጅ መጫወቻ አትስጡት፤ ከመኝታ ርቆ ተከድኖ ይቀመጥ። ለሰዓት ሠሪም ስትሰጡት የቀለሙን ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት።