ዝም ያለ ልጅ

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች አንድ ማታ ከግቢው በር ቡና ቤት ተቀምጠን ስንጫወት አንድ ጥያቄ ተነሣ። ልጆች ሳለን ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ ይናገር የነበረ ማን ነው? ተያየን። አንድም የለ!

ሞኞች ሁነን ነው? ኧረ አይደለም፤ እንዲያ ነው ያደግነው። እንግዳ ሲመጣ ልጅ እጅ ያስታጥባል፣ ኩራዝ ይዞ ይቆማል፣ ታላላቆቹ በልተው እስኪነሡ ይጠብቃል። እንግዳው «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ቢለው እንኳ የሚመልስለት አባቱ ነው። ልጁ ምድር ምድሩን ያያል። ቀና ብሎ ዓይን ዓይን ካየማ «ዓይን አውጣ» ተባለ፤ እናቱ ወደ ጓዳ ጠርታ ጭኑን ትቆነጥጠዋለች።

እንግዲህ ትምህርት ቤት የሚገባው ይኸው ልጅ ነው። መምህሩ ይጠይቃል፤ ልጁ ያቀረቅራል። አንዱ የስማዳ ጓደኛችን መልሱን እያወቀ ዝም በማለቱ «ድንጋይ» የሚል ስም ወጥቶለት ሁለት ዓመት ከኋላ ወንበር ተቀምጧል። እሱ እቴ፣ መምህሩን እንደ አባቱ ማክበሩ ነበር!

ከብት ሲጠብቅ ግን ከገደል ማዶ ያለውን እረኛ ሲጣራ ሸለቆው ያስተጋባ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤትም ቢሆን ፊደሉም ዳዊቱም የሚዘለቀው በጩኸት ነው። የድጓው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ የሚገኙት እኮ እዚያው ጋይንት ነው። ድምፅስ አላጣንም። የየኔታን ቃል መድገም ሌላ፣ በታላቅ ፊት «እኔ እንደሚመስለኝ» ማለት ሌላ ሁኖብን ነው እንጅ።

ዝምታ ሁሉ ጨዋነት ነው ማለታችንም አይደለም። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም ጎተራው ባዶ ነው፤ አዝመራው የሚሰበሰበው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣም ያቀረቅራል፤ ጎሕ ሳይቀድ ውኃ የቀዳች ልጅም ታንቀላፋለች። መምህሩስ ያን ሁሉ ልጅ ፊቱ ደርድሮ በምን ይለያቸው?

ያው የስማዳው ጓደኛችን ባለፈው ክረምት አገር ቤት ገብቶ ትንሽ እኅቱን «እስቲ ዘንድሮ ምን ተማርሽ?» ብሎ ጠየቃት። ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነች። ደገመላት፤ ዝም።

«ምነው፣ ድንጋይ ነሽ እንዴ?» አላት።

ይህን ሲነግረን ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር። የሳቀ ሰው አልነበረም።