ኤቨረስት ሳንሱሲ ሲደርስ

ሳንሱሲ፣ ታክሲ መያዣው አጠገብ፣ ፊልም የሚጭን አንድ ወጣት አለ። ዕቃው አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክና አንድ ዱካ ነው። ደንበኛ ፍላሹን ሰጥቶት ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሌላ ሊያስጭን ሲመጣ ደግሞ ስላየው ፊልም ሳይናገር አይሄድም። በዚህች ጠባብ ሱቅ የሚሰማው የፊልም ሂስ ብዙ ጊዜ በሬዲዮ ከሚሰማው ይሻላል።

ሰሞኑን ክርክር ያስነሳው አዲስ ፊልም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ አይስላንዳዊው ባልታሳር ኮርማኩር ያዘጋጀው «ኤቨረስት» ነው። ታሪኩ የእውነት ነው፤ በግንቦት 1988 ዓ.ም. መጀመሪያ ተራራው ላይ በተነሳ ማዕበል ስምንት ሰዎች ሞተዋል። ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው በትልቁ የአይማክስ ስክሪን፣ በስሪ ዲ መነጽር ነበር፤ ተመልካቹ ራሱ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ እንዲመስለው። በ2016 መጀመሪያ በዲስክ ለቤት ወጣ። ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ፣ ሲጨመቅ፣ እንደገና ሲጨመቅ ሳንሱሲ ደረሰ። (የቅጂ መብት ነገር እዚህ ባይነሳ ይሻላል።) 8,848 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ በ32 ኢንች ቴሌቪዥን ሲታይ፣ ከምዕራብ አዲስ አበባ ሆነው የሚያዩትን ወጨጫን እንኳ አያክልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቅሬታ አይገርምም። «ሁሉም መነጽርና ኮፍያ አድርገዋል፣ ፂማቸው ላይ በረዶ ተጋግሯል፣ ማን ማን እንደሆነ ሳይገባኝ አለቁ» አለ አንድ የታክሲ ረዳት። ሌላው የስታሎንን «ክሊፍሃንገር» እያየ ያደገ ጎልማሳ ነው። ሽጉጥ የያዘ ሰው ይመጣል ብሎ ሁለት ሰዓት ጠበቀ፤ ሳይመጣ ፊልሙ አለቀ። በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ ሴት ደግሞ የከነከናት ዋጋው ነው፤ ወጪዎቹ ለሚመራቸው ድርጅት በነፍስ ወከፍ እስከ 65,000 ዶላር ይከፍሉ ነበር። «ከፍለው?» ብላ ሁለቴ ጠየቀች። አንድ ዲያቆንም አገዛት፦ ደብረ ዳሞን በጠፍር የሚወጣ ሰው ቢያንስ ላይ ሲደርስ የሚሳለመው አለው፣ እነዚህ ምን ሊያደርጉ ወጡ?

ሁሉንም ዝም ያሰኘው ግን ግንባታ ላይ ብሎኬት የሚሸከም የቀን ሠራተኛ ነው። «ድንኳኑን፣ ኦክስጅኑን፣ ምግቡን ማን አወጣው? አንዴ አየኋቸው፣ ከዚያ ጠፉ» አለ። እውነቱን ነው። ሸርፓዎቹ በፊልሙ ውስጥ ከዳር የቆሙ ሰዎች ናቸው። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያዊቷ የጄኒፈር ፒደም «ሸርፓ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ወጥቷል። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ኤቨረስት ላይ በረዶ ተንዶ 16 ኔፓላውያን ሠራተኞች ሲሞቱ፣ መንግሥታቸው ለየቤተሰቡ መጀመሪያ ያቀረበው 40,000 ሩፒ ነበር፤ 400 ዶላር ገደማ። ሠራተኞቹ ከዚህ በኋላ አንወጣም አሉ። የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። ራስ ደጀንን ወጣሁ ብሎ ፎቶ የሚለጥፈው ቱሪስቱ ነው፤ በቅሎ የነዳው፣ ምግብ ያበሰለው፣ ጠመንጃ ይዞ ያጀበው የሰሜን ሰው ፎቶው ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም።

ወጣቱ ራሱ ፊልሙን ሳያየው ነበር የሚጭነው። ክርክሩ ሲበዛ አንድ ማታ ቤት ወሰደው። እናቱ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ቡና ያፈሉ ነበር። ከዚያ የስልኩ ቦታ ደረሰ። የቡድኑ መሪ ሮብ ሆል ከ8,700 ሜትር በላይ ብቻውን ቀርቷል፤ ሌሊቱን እዚያው አድሯል፤ እጆቹ በብርድ ደርቀዋል። ከታች ያሉት ጓደኞቹ የመገናኛ ሬዲዮውን ከሳተላይት ስልክ ጋር አገናኝተው፣ ኒውዚላንድ ካለችው ነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ያነጋግሩታል። ሴትዮዋ ስልኩን ይዛ ታለቅሳለች። እናቱ ዞሩ።

«ስንት ጠየቋት?» አሉ።

ወጣቱ መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ታላቅ ወንድሙ በ2006 ዓ.ም. በመተማ ወጥቶ፣ በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ። በደወለ ቁጥር አጠገቡ ሌላ ሰው ነበር፤ ወሬውም አንድ ነው፣ ገንዘብ ላኩ። ተበድረው ላኩ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በመጋቢት 2007 ነው። በሚያዝያ አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን የገደለበት ቪዲዮ ሲወጣ፣ ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ስልክ ላይ ተደፍቶ ፊቱን ፈለገ። አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህም አልደወለም።

«ማንም ገንዘብ አልጠየቃትም፣ እማዬ። ወጥቶ ሊያወርደው የሚችል ሰው ጠፍቶ ነው» አላቸው።

ቡናውን ትተው እስከ መጨረሻው አብረውት አዩ። ልጇን በሰላም ተገላገለች ወይ ብለው ጠየቁ። ተገላግላለች፤ ሴት ናት፣ ሳራ ትባላለች። አስከሬኑስ መጣላት? አልመጣም፤ እስከ ዛሬ እዚያው ተራራው ላይ ነው።

«የት እንዳለ ግን ታውቃለች» አሉና ሲኒውን መሰብሰብ ጀመሩ።